23 ልብስ ወስጄ 4 ሸጥኩ፦ የሪሴል ሱቅ ሒሳብ እንዴት ነው?

ባለፈው መስከረም ቁም ሣጥኔን አራግፌ ሁለት ትልልቅ ከረጢት ሞላሁ። 23 ልብስ ነበር። ሁሉም የታጠበ፣ የተተኮሰ፣ አንዳንዱ አንዴ ብቻ የተለበሰ። ከቤቴ ግማሽ ሰዓት ወደሚርቅ፣ የተለበሰ ልብስ ገዝቶ ወደሚሸጥ «ሪሴል» ሱቅ ወሰድኩት። እዚያ የምትሠራው ልጅ አንድ በአንድ አየችና 4 አስቀረች። 19ኙን አጣጥፋ መለሰችልኝ። ከመለሰቻቸው መካከል በ140 ዶላር የገዛሁት ጥቁር ኮት አለ። ካስቀረቻቸው መካከል ደግሞ «ይሄንንስ ማን ያየዋል» ብዬ ቤት ትቼው ልሄድ የነበረ ጂንስ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከፍቶኝ ነበር። ልብሴ ሳይሆን እኔ የተመለስኩ ያህል ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩን ተከታተልኩት። ሱቅ ውስጥ የሚሠሩትን ጠየቅኩ፤ እኔም ደጋግሜ ሸጥኩ፣ ደጋግሜ ገዛሁ። እንደኔ ከፍቶት የሚመለስ ሰው ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ ነው ዛሬ ይህን የምጽፈው።

የተለበሰ ልብስ ዋጋው የሚወጣው እናንተ በከፈላችሁት ገንዘብ አይደለም። በጨርቁ ጥራት ብቻም አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚወስነው ሱቁ መስቀያ ላይ ስንት ቀን እንደሚቆይ ነው። ይህን ከያዛችሁ ሌላው ቀስ እያለ ይገባችኋል።

ሁሉም «ትሪፍት» አይደለም

እዚህ አሜሪካ ያለን ሐበሾች የተለበሰ ልብስ የሚሸጥ ሱቅን ሁሉ «ትሪፍት» ብለን እንጠራዋለን። ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

አንደኛው በልገሳ የሚሠራ ነው። ጉድዊል ዋናው ምሳሌ ነው። ጉድዊልን በ1902 ቦስተን ውስጥ የጀመሩት ኤድጋር ሄልምስ የሚባሉ የሜቶዲስት ቄስ ናቸው። ከሀብታሞቹ ሰፈር ያገለገለ ዕቃ ሰብስበው፣ ሥራ ያጡ ሰዎችን ቀጥረው እያስጠገኑ ይሸጡ ነበር። ዛሬም ልብሱ የሚገባው በነጻ ነው። ለሰጪው የሚከፈል የለም።

ሁለተኛው ልብሳችሁን እዚያው አይቶ፣ እዚያው ዋጋ አውጥቶ የሚገዛችሁ ነው። ቡፋሎ ኤክስቼንጅ በ1974 ቱሳን፣ አሪዞና ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሱቅ ነው የጀመረው። ፕላቶስ ክሎዜትም የዚሁ ዓይነት ነው፤ እሱ ግን የሚያተኩረው ወጣቶች በሚለብሱት ላይ ነው። እኔ የሄድኩት እንደዚህ ዓይነት ሱቅ ነበር።

ሦስተኛው ኮንሳይንመንት ይባላል። በአማርኛ «የአደራ ሽያጭ» ብንለው ይገልጸዋል። ልብሱ እስኪሸጥ የእናንተ ነው። ሲሸጥ ትካፈላላችሁ። ካልተሸጠ የሚከፈላችሁ የለም።

የትኛው ሱቅ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ከረጢት ተሸክሞ መሄድ ነው ብዙውን ጊዜ የሚያናድደን።

የመስቀያው ሒሳብ

ሱቁ ኪራይ የሚከፍለው ለቦታ ነው። ቦታው ደግሞ በመስቀያ ይለካል። እያንዳንዱ መስቀያ ሥራ የሚሠራ ሠራተኛ ነው ብላችሁ አስቡ።

20 ዶላር የሚሸጥ ሸሚዝ በ2 ሳምንት ይሸጣል እንበል። ያ መስቀያ በዓመት 26 ሸሚዝ ያሳልፋል። 520 ዶላር አስገባ ማለት ነው። 60 ዶላር የሚሸጥ ጥሩ ኮት ደግሞ 13 ሳምንት ይቀመጣል እንበል። በዓመት 4 ኮት ብቻ ነው የሚያልፍበት። 240 ዶላር። ኮቱ በዋጋ ሦስት እጥፍ ቢሆንም፣ መስቀያው ያስገባው ከግማሽ በታች ነው። ኮት ደግሞ ወፍራም ስለሆነ የሁለት ሸሚዝ ቦታ ይይዛል።

የኔ የ140 ዶላር ኮት የተመለሰው ለዚህ ነበር። ኮቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ረጅም፣ የቢሮ ኮት ነው፤ ወደዚያ ሱቅ የሚገቡት ደግሞ የኮሌጅ ልጆች ናቸው። ጂንሱን ግን ሳምንት ሳይሞላው አንዷ ታነሳዋለች።

ስለዚህ ከረጢቱን ከማውረዳችሁ በፊት ባዶ እጃችሁን ግቡ። 10 ደቂቃ ቁሙና ማን እንደሚገዛ እዩ። ዕድሜያቸውን፣ የለበሱትን፣ እጃቸው የሚሄድበትን። ልብሳችሁ እነዚያ ሰዎች ላይ ካልታያችሁ ቤቱ ሌላ ነው።

ልጅቷ ምን ታያለች?

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ልብሱን ትቼ እጇን ነበር የማየው። አንድ ልብስ ላይ አንድ ደቂቃ አትቆይም። መጀመሪያ አንገቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ታያለች። ከዚያ ሁለት ጣቷን ብብቱ ስር አስገብታ ወደ ብርሃን ትገለብጠዋለች። ላብ የበላው ቦታ ከላይ ባይታይም ከውስጥ ይታያል። ዚፑን አንዴ ወደላይ አንዴ ወደታች። የሱሪውን ታፋ ውስጥ ለውስጥ፣ የሚፋተገውን ቦታ። ሹራብ ከሆነ እንክብል የመሰለ ጥጥ አውጥቶ እንደሆነ በመዳፏ ትዳስሰዋለች። ቁልፍ ትቆጥራለች።

የአንገቱ ጽሑፍ ላይ ልቆይ። አንዳንድ ታዋቂ ስሞች ለአውትሌት፣ ማለትም ለቅናሽ መሸጫ ሱቃቸው ብቻ የሚያሰፉት ልብስ አላቸው። ስሙ ይመሳሰላል፤ ጽሑፉ ግን ትንሽ ለየት ይላል፤ ለምሳሌ «ፋክተሪ» የሚል ቃል ይጨመርበታል። ጨርቁም ስፌቱም እንደ ዋናው አይሆንም። እኛ ስንገዛ ላናስተውል እንችላለን፤ እሷ ግን ከሩቅ ታውቀዋለች። እንደ ሺን ያለ ርካሽ ልብስ ደግሞ ብዙ ቦታ አይቀበሉትም። አዲሱ 12 ዶላር ከሆነ የተለበሰውን በስንት ይሽጡት? አስመስሎ የተሠራ ቦርሳና ጫማ ይዛችሁ አትሂዱ። አስመሳይ ዕቃ መሸጥ ሕገ ወጥ ነው፤ የሚያውቅ ሱቅ አይነካውም።

ወቅትም አለ። ሱቁ የሚገዛው ለሚመጣው ወቅት ነው። ሹራብና ቡት የሚፈለገው ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ፣ ገና ሙቀቱ ሳይለቅ ነው። የበጋ ቀሚስ ደግሞ ገና በረዶው ሳይቀልጥ፣ ከየካቲት ጀምሮ ይገዛል። እኛ ግን ብርዱ ሲያልቅ ነው ሹራቡን አጥበን የምንወስደው። ያኔ ጥሩ ሹራብም ይመለሳል፤ 6 ወር መስቀያ ላይ ማን ያኑረው?

መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። ይጠይቃሉ። የተሰረቀ ዕቃ እንዳይሸጥ የሻጩን ማንነት ስለሚመዘግቡ እንጂ እናንተን ጠርጥረው አይደለም።

ስለ ሽታ ልንነጋገር ይገባል

ያን ቀን አንድ ነጭ ሹራብ ነበረኝ። ምንም የለበትም። ልጅቷ ወደ ፊቷ ጠጋ አድርጋ ወዲያው ወደ ጎን አስቀመጠችው። ምንድነው ብዬ ስጠይቃት በትሕትና «የምግብ ሽታ አለው» አለችኝ።

ቤት ገብቼ አሸተትኩት። ለኔ ምንም አይሸትም። ጎረቤቴን ጠርቼ አሸተተችው። «ቁሌት ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ ቡናው ሲቆላ፣ ዕጣኑ ሲጨስ፣ በብርዱ ወራት ደግሞ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ አፓርትመንቱ አንድ ክፍል ነው። ጭሱ የሚሄድበት የለውም፤ ጨርቅ ውስጥ ይገባል። ሱፍና ሹራብ ከሁሉ በላይ ይይዛል። አፍንጫችን ስለለመደው አይሰማንም። ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የቤታችን ሽታ ነው፤ እኔ እናቴ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። ገዢ ግን ከየትኛውም ቤት ይሁን የሌላ ሰው ቤት የሚሸት ልብስ አይገዛም። የሲጋራም፣ የውሻም ያው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሚታጠበውን ሲታጠብ የመጨረሻው ውሃ ላይ ግማሽ ስኒ ነጭ ኮምጣጤ ጨምሩበት። ኮምጣጤው ራሱ ሲደርቅ አይሸትም። ከዚያ በረንዳ ላይ፣ ነፋስ ላይ ስቀሉት። ሽቶ አትርጩበት፤ ሽቶና ቁሌት ሲቀላቀል ይብሳል። ልትሸጡት የለያችሁትን ደግሞ ኩሽና አጠገብ ካለው ቁም ሣጥን አውጥታችሁ፣ ክዳን ባለው ሳጥን አስቀምጡት። የኔ ሹራብ በዚህ መንገድ በሚቀጥለው ወር ተሸጧል።

ካሽ ወይስ ክሬዲት?

ከ4ቱ ልብሶች ጂንሱ 18፣ ጃኬቱ 28፣ ቀሚሱ 16፣ አንዱ ሹራብ 14 ዶላር ተለጠፈበት። ድምሩ 76። ልጅቷ ሁለት ምርጫ ሰጠችኝ። በካሽ ከሆነ 30 በመቶ፣ 22 ዶላር ከ80 ሳንቲም። በሱቁ ክሬዲት፣ ማለትም እዚያው ሱቅ ብቻ በሚገዛበት ሒሳብ ከሆነ ግማሹ፣ 38 ዶላር። መቶኛው ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ ብዙዎቹ ግን በካሽ ከሩብ እስከ ሲሶ ገደማ ነው የሚከፍሉት።

የቀረው የት ይሄዳል? ኪራዩ አለ፣ የሠራተኛው ደመወዝ አለ። ገዝተውት የማይሸጥም አለ፤ እሱ የሱቁ ኪሳራ ነው። ክሬዲቱን ከፍ የሚያደርጉት ደግሞ ለደግነት አይደለም። በክሬዲት ስትወስዱ እነሱን የሚያወጣቸው ልብስ ነው፤ ካሽ ግን ካሽ ነው። እኔ የምለው፦ እዚያ ሱቅ ለራሳችሁ ወይም ለልጆቻችሁ በእርግጥ የምትገዙ ከሆነ ክሬዲቱን ውሰዱ። ካልሆነ ካሹ ይሻላል። ስንቱ የሱቅ ክሬዲት ቦርሳ ውስጥ ተረስቶ ቀርቷል።

የተመለሰውን ኮቴን ኮንሳይንመንት ወሰድኩት። እዚያ ሌላ ደንበኛ ነው ያለው፤ ሥራ የሚሄዱ፣ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ ሴቶች። በ80 ዶላር ሰቀሉት። ክፍያው እኩል ለእኩል። ውሉን ግን ሁለቴ አንብቡ። የኔ ውል ላይ ከ30 ቀን በኋላ ዋጋው 20 በመቶ ይቀንሳል። ከ60 ቀን በኋላ በግማሽ ይወርዳል። 90 ቀን ሲሞላ መጥቼ ካልወሰድኩት የሱቁ ይሆናል። የመጨረሻዋን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ብዙ ሰው ልብሱን የሚያጣው ሱቁ ስላታለለው ሳይሆን ቀኑ ስላለፈበት ነው።

ኢንተርኔት ላይ፣ እና ሐበሻ ቀሚስ

ኢንተርኔት ላይ መስቀያው የእናንተው ቤት ነው። ስለዚህ ድርሻችሁ ይጨምራል፤ ሥራውም ይጨምራል። ፎቶ ማንሳት፣ መለካት፣ ጥያቄ መመለስ፣ ማሸግ። ፖሽማርክ የሚባለው የልብስ መሸጫ አፕ ከ15 ዶላር በታች ከሆነው ሽያጭ 2.95 ዶላር ይወስዳል፤ 15ና ከዚያ በላይ ከሆነ 20 በመቶ። 8 ዶላር ለሚሸጥ ቲሸርት አይበጅም። አውሮፓ ያላችሁ ቪንትድን ታውቁታላችሁ። እዚያ ከሻጩ አይቆርጡም፤ ተጨማሪውን የሚከፍለው ገዢው ነው። ለዚህ ነው እዚያ የ5 ዩሮ ልብስም መሸጥ የሚያዋጣው።

ግብርን በተመለከተ አንድ ቃል። ለራሳችሁ የገዛችሁትን ልብስ ከገዛችሁበት ባነሰ ዋጋ ብትሸጡ ትርፍ የለም፤ ስለዚህ የፌደራል የገቢ ግብር የለበትም። ኪሳራውንም ግን መቀነስ አይቻልም።

ሐበሻ ቀሚስ የአሜሪካ ሪሴል ሱቅ አይገዛችሁም። 300 ዶላር ያወጣ ጥልፍ ቢሆንም። ወደ ሱቁ የሚገባው ሰው ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ዓመት ይሰቀላል። የሐበሻ ቀሚስ ገበያው እኛው ነን። ለአንድ ሰርግ ተሰፍቶ ድጋሚ ያልተለበሰ ስንት ቀሚስ ተቀምጧል! ጓደኛዬ የመልሷን ቀሚስ ነሐሴ ውስጥ፣ ለእንቁጣጣሽ ሰው ሲሯሯጥ፣ በሁለት ቀን ሸጠችው።  ከእንቁጣጣሽ ወይም ከፋሲካ አንድ ወር ቀድማችሁ አውጡት። ነጠላውን ለብቻ ፎቶ አንሱት፤ መቀነቱም ካለ አሳዩ። ደረቱንና ወገቡን በሜትር ለክታችሁ ጻፉ፤ በልክ የተሰፋ ስለሆነ «ሚዲየም» ማለት ምንም አይናገርም።

የምትገዙ ከሆነ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለገዢ ይገለበጣል። መስቀያ ላይ ብዙ የቆየ ልብስ ርካሽ ነው። ብዙ ጉድዊሎችና ሌሎች ትሪፍቶች የዋጋ ታጉን በቀለም ይለያሉ። ቀለሙ የገባበትን ሳምንት ነው የሚናገረው፤ ተራው የደረሰ ቀለም በዚያ ሳምንት በግማሽ ይሸጣል። በር ላይ ወይም ካሽ መክፈያው ጋ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። የክረምት ኮት በሚያዝያ ግዙ።

ጨርቁን አንገቱ ላይ ባለው ስም ሳይሆን ውስጡ በተሰፋው ትንሽ ጽሑፍ ፍረዱ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ልብስ ከምን እንደተሠራ መጻፍ ግዴታ ነው። መቶ በመቶ ሱፍ፣ ሐር፣ ካሽሚር፣ ሊነን የሚል ስታዩ እጃችሁን አቁሙ። ስሙን የማታውቁት ልብስ ሆኖ መቶ በመቶ ሱፍ ከሆነ ከታዋቂው ፖሊስተር ይበልጣል። የልጅቷን ፍተሻ ራሳችሁ አድርጉ፦ ብብት፣ ዚፕ፣ ታፋ፣ ቁልፍ። የጎደለ ቁልፍ ምንም አይደለም። የተበላ ብብት ግን አይመለስም።

የትኋን ፍርሃት አለ፤ ተገቢም ነው። ቤት እንደገባችሁ ከረጢቱን ሳሎን አታራግፉት። ጨርቁ የሚችል ከሆነ በቀጥታ ድራየር ውስጥ፣ በከፍተኛ ሙቀት፣ 30 ደቂቃ። ከዚያ እጠቡት። ለልጅ ስትገዙ ደግሞ የጃኬቱ ኮፍያና አንገት ላይ የሚጎተት ገመድ ካለበት ተዉት። መጫወቻ ላይ ተይዞ ልጅ ስላነቀ ነው የከለከሉት፤ አሮጌ ልብስ መካከል ግን አሁንም ይገኛል።

«የሰው ላብ ነው» የሚሉ አሉ። እናቴም ትላለች። ግን እኛ ቤት የታላቅ ልብስ ለታናሽ ሲወርድ ነው ያደግነው። የአክስቴን ሹራብ ለብሼ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ። የታጠበ ልብስ ልብስ ነው።

ያልተሸጠውስ?

ማንም ያልገዛው ልብስ መጨረሻው አለ። የሪሴል ሱቁ ብዙውን ጊዜ ለልገሳ ይሰጠዋል። የልገሳው ሱቅም ካልሸጠው በክብደት ይሸጠዋል። ነጋዴዎች ይገዙታል፣ ይለያል፣ ተጠቅጥቆ ይታሰራል፣ በመርከብ ይሄዳል። በንግዱ ቋንቋ ይህ የተረፈ ልብስ «ሳልቬጅ» ይባላል። አዎ፣ የኛው «ሰልባጅ» ከዚያ ነው የመጣው። ጥቅሉ እኛ ጋ «ቦንዳ» ነው። ኬንያ «ሚቱምባ» ይሉታል፤ እሱም ጥቅል ማለት ነው። ጋና ውስጥ አክራ ካንታማንቶ የሚባል ግዙፍ ገበያ አለ፤ በጥር 2025 መጀመሪያ በእሳት ወድሞ ነጋዴዎቹ ከአመድ ነው የተነሱት። ኢትዮጵያ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት ክልክል ነው። በኮንትሮባንድ ግን ይገባል፤ ጉምሩክ ስንቴ እንደያዘ በዜና እንሰማለን።

ይህን የምነግራችሁ የልገሳ ሳጥን ውስጥ የምትጥሉት ነገር ሰው እጅ እንደሚገባ እንድታውቁ ነው። የተቀደደ፣ የቆሸሸ፣ እርጥብ ልብስ ለልገሳ አትስጡ። አንድ እርጥብ ሹራብ ከረጢቱን ሙሉ ያሻግተዋል። ስለ ግብር ቅናሽ የምትጠይቁም አላችሁ። ስታንዳርድ ዲዳክሽን፣ ማለትም ወጪ ሳይዘረዘር የሚሰጠውን የተወሰነ የግብር ቅናሽ የምትወስዱ ከሆነ ለሰጣችሁት ልብስ የሚቀነስላችሁ የለም። አብዛኛው ሰው ደግሞ እሱን ነው የሚወስደው።

አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ሻንጣችሁ 23 ኪሎ ነው። እኔ አሁን ለይቼ ነው የማስገባው። የሚሸጠውን እዚህ እሸጣለሁ፤ ለዘመድ የምወስደው ለሰውየው የሚሆነውን፣ ልኩን ጠይቄ ነው። ያክስቴ ልጅ በስልክ «ኮት አታምጪልኝ፣ ስኒከር ካገኘሽ ቁጥር 42» ብሎኛል። ካንድ ሻንጣ ሙሉ የዘፈቀደ ልብስ ያችን አንድ ጫማ ነው የሚፈልገው። በወሰድኩት የሱቁ ክሬዲት ገዛሁለት፤ 38 ዶላሩ በቃው።

ጥቁሩ ኮት የተሸጠው በ41ኛው ቀን ነው። የመጀመሪያው ቅናሽ አልፎት ዋጋው 64 ዶላር ሆኖ ነበር። 32 ዶላር ደረሰኝ።